በሰሜን ሸዋ የሆድ ቀዶ ጥገና ቁስልን 30 ቀን ተከታትለን ያጠናነው እንዴት ነው

በመዝገብ ብቻ የሚሠራ ጥናት የቁስል ማመርቀዝን አሳንሶ ያሳያል። ታካሚው በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ይመለሳል፤ መግሉ የሚታየው እዚያ ነው፣ የሚታከመውም ቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ። ስለዚህ ሁሉንም እስከ 30ኛው ቀን ተከታተልን።

የቁስሉን ክፍል፣ ማለትም ከንጹሕ (1ኛ) እስከ ቆሻሻ (4ኛ) ያለውን ደረጃ፣ የሚሞላው ቀዶ ሐኪሙ ነው፣ ጓንቱን እንዳወለቀ። በኋላ ከካርድ ሲገለበጥ ይሳሳታል፦ መግል የሌለው ግን የተቆጣ ትርፍ አንጀት 3ኛ ክፍል ሆኖ ሳለ ብዙዎች 2ኛ ብለው ይጽፉታል። ፈንድቶ መግል የሞላው 4ኛ ነው።

ከሁሉም ያደከመን ሰዓት ነው። ነርሷ ማመርቀዝን ለመከላከል ከቀዶው በፊት የሚሰጠውን ፀረ ተሕዋስያን የሰጠችበትን «3፡40» ስትል በሀበሻ ነው፤ የማደንዘዣ ቅጹ ቆዳ የተቀደደበትን «10፡05» ሲል በፈረንጅ። እውነተኛው ልዩነት 25 ደቂቃ ነው፤ ሳይቀየር ከገባ ግን ከ6 ሰዓት በላይ ይሆንና የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ካስቀመጠው የ120 ደቂቃ ገደብ ውጭ ይወድቃል። መፍትሔው ሰዓቱን እንደተጻፈ ገልብጦ ጎኑ ላይ «ሀ» ወይም «ፈ» ማለት ነው፤ ቅየራውን ኮምፒውተሩ ይሥራው። አንጀቱ የተጠመዘዘበት ሰው «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ጀመረኝ» ካለ ረቡዕ ከሌሊቱ 2፡00 ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ረቡዕ ሌሊት» ብሎ ካሳጠረው ለሐሙስ አጥቢያ ተደርጎ ይነበባል፣ 24 ሰዓት ይጠፋል። አንጀቱ ጠቁሮ መገኘቱ ከቆየበት ጊዜ ጋር ስለሚያያዝ ይህ ስሕተት ዋናውን ውጤት ያበላሻል።

«ወር ሲሞላ ደውል» የሚል መመሪያም አይበቃም። ነሐሴ 20 የተቀደደ ሰው 30ኛ ቀኑ መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን መስከረም 14፤ መስከረም 20 የደወለ አልፎታል።

ሁለት ስልክ ቁጥር እንይዛለን፣ አንዱ የጎረቤት ወይም የዘመድ፤ ታካሚው ሳይወጣ አልጋው አጠገብ ደውለን እንሞክራቸዋለን። ቆላ ላሉት የገበያ ቀን ይሻላል፣ ኔትወርክ ወዳለበት ይወጣሉና። የቀደደው ሐኪም ራሱ ባይደውል ይመረጣል፤ ሰው አክብሮ ይደብቀዋል። «እንዴት ነዎት?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ስለዚህ ነገሩን በስሙ እንጠይቃለን፦ «ጋሼ፣ ቁስሉ ልብስዎን አርጥቦት ያውቃል? መግል ወጣው? ሸተተ? ስፌቱ ተከፈተ? ጤና ጣቢያ መርፌ ወጉዎት?» አዎ ያለ ሁሉ በአካል ይታያል፤ መምጣት ካልቻለ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታየዋለች። ቤቱ የሞተም ይመዘገባል፤ ያን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ማጽናናት ይወቅ።

ያልተገኘን ሰው «አላመረቀዘም» ብሎ መቁጠር ጥናቱን ውሸት ያደርገዋል። ስሌቱን ሁለቴ እንሠራዋለን፦ የጠፉት ሁሉ ድነዋል ብለን፣ ከዚያ ሁሉም አመርቅዘዋል ብለን። ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ ይህንኑ እንጽፋለን። የናሙናውም ቁጥር ከዚሁ ይነሣል። ከታካሚዎቹ 50 በመቶው ያመረቅዛሉ በሚል ግምትና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን 384 ይወጣል፤ 10 በመቶ ደምረው 423 የሚሉት 10 በመቶ ሲጠፋባቸው 380 ይቀራቸዋል። በ0.9 ማካፈል ነው፣ 427። 15 በመቶ ይጠፋል ብሎ ለሚያስብ 452።