ሊስታን ኔግሮ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው «አንድ ዝርያ ይዤ እከርማለሁ» ብያችሁ ነበር። የያዝኩት ሊስታን ኔግሮን ነው፦ በስፔን የእሳተ ገሞራ ደሴቶች በካናሪ፣ በተለይም በቴኔሪፌ የሚበቅል ቀይ የወይን ዝርያ። እስካሁን አራት ጠርሙስ ከፍቻለሁ። የመጀመሪያውን ልደፋው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቡሹን እንደነቀልኩ የተጫረ ክብሪት ሸተተኝ። ተበላሽቷል ብዬ ተውኩት። እራት በልቼ ስመለስ ግን ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሌላ ወይን ሆኖ ጠበቀኝ፦ እንጆሪ፣ አዲስ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሥሩ ደግሞ በወይራ የታጠነ ጋን። የታጠነ ጋን በቅምሻ መማሪያዎች ውስጥ የለም፤ ለእኔ ግን «ማዕድናዊ» ከሚለው ቃል የበለጠ ይናገራል። ክብሪቱን ከእሳተ ገሞራው አፈር ጋር የሚያያይዙት አሉ። አላመንኩም። ወይኑ አየር አጥሮት ሲቆይ የሚፈጠሩ የድኝ ውህዶች እንዲህ ይሸታሉ፤ አየር ሲያገኝ የጠፋውም ለዚህ ነው። አሁን ከመቅመሴ ግማሽ ሰዓት በፊት ወደ ጆግ እገለብጠዋለሁ፤ ቀዝቀዝም አደርገዋለሁ፣ 14 ዲግሪ ገደማ። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚጮኸው።

አንድ እርማት፦ ባለፈው ከሊስታን ፕሪየቶ ጋር አምታትቼዋለሁ። ያኛው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ አሜሪካ የወሰዱት፣ ቺሊ ውስጥ ፓይስ የሚባለው ነው።

ከቅምሻው ይልቅ ልቤን የወሰደው ግን ቴኔሪፌ ውስጥ ያለው የኦሮታቫ ሸለቆ አተካከል ነው። የሐረጉን ቅርንጫፎች እንደ ሹሩባ ይጎነጉኗቸዋል፤ ጉንጉኑ በአጫጭር ባላዎች ተደግፎ ከመሬት ከፍ ብሎ ብዙ ሜትር ይዘረጋል። ገበሬዎቹ ወደ ጎን ገፋ አድርገውት ከሥሩ ድንች ይተክሉ ነበር። ፎቶግራፉን ሳየው መጀመሪያ የወደቀ አጥር መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጓደኛዬ ጠርሙሶቹን በፎጣ ሸፍና ሦስት ብርጭቆ ቀዳችልኝ። ሊስታን ኔግሮውን ጋሜ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቦዦሌ በሚባለው አካባቢ የሚበቅለው ቀይ ዝርያ፣ ብዬ በድፍረት ተናገርኩ። ሳቀች። ቆይቼ መለያውን ሳነበው፣ ዘለላው ሳይጨመቅ በካርቦን ዳይኦክሳይድ በተሞላ ዝግ በርሜል ውስጥ መብላላት የጀመረ ወይን ነው፤ ቦዦሌም የሚታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ለካ ስቀምስ የከረምኩት አጠማመቁን ኖሯል፣ ዝርያውን አይደለም። ያለዚህ ዘዴ የተሠራ አንድ ጠርሙስ አግኝቻለሁ፤ የፊታችን እሑድ እከፍተዋለሁ፣ ፎጣውም ይደገማል።