ከረጢት ውስጥ የምትውል የጥጥ ጨርቅ

ከቤት ስወጣ ከቁልፍና ከስልክ ቀጥሎ የማልረሳው አንድ ልቃቂት የጥጥ ክርና ሁለት አጫጭር የሹራብ መሥሪያ መርፌዎች የያዘች ትንሽ ከረጢት ናት። የምሠራው ግን ሹራብ ሳይሆን የፊት መታጠቢያ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ነው። ሹራብ ለመንገድ አይመችም፤ እየተሠራ በሄደ ቁጥር ጭን ይሞላል፣ ረድፉ ካልተቆጠረም ውሉ ይጠፋል። ይህች ጨርቅ ግን አልቃ እንኳ በየጎኗ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም፤ ወረፋ ስጠብቅ ስሜ ድንገት ቢጠራ የጀመርኩትን ረድፍ ሳልጨርስ ከረጢቷ ውስጥ እከታታለሁ። የምወዳት ከትንሽነቷ ይልቅ በየትኛውም ቅጽበት ብትቋረጥ ስለማትቀየም ነው።

ለዚህ ያበቃት አሠራሯ ነው። ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቼ 4 ቀለበት መርፌው ላይ እጥላለሁ። ከዚያ በኋላ ረድፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ቀለበት ሠርቼ ክሩን በመርፌው ላይ አንዴ እጠመጥምና የቀሩትን እስከ ጫፍ እሠራለሁ። በየረድፉ አንድ ቀለበት ይጨምራል፣ በጠርዟም ላይ ዳንቴል የመሰሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰለፋሉ። 50 ገደማ ሲደርስ መቀነስ እጀምራለሁ፤ አንዱን ሠርቼ ሁለቱን በአንድነት እይዛለሁ፣ ክሩን እጠመጥማለሁ፣ እንደገና ሁለቱን በአንድነት ይዤ ቀሪውን እንደ ወትሮው እጨርሳለሁ። እየሰፋች ይሁን እየጠበበች ለማወቅ አንዴ ማየት ይበቃል። መቁጠር የሚሰለቸው ሰው ልቃቂቱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ገሚሱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መቀነስ ቢጀምር ክሩ አያጥረውም። በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት አሠራር ስለምትሠራ ፊትና ጀርባ የላትም፣ ጠርዟም አይጠቀለልም፤ በላይዋ ላይ የሚወጡት ጎርበጥ ያሉ መስመሮችም እድፍ ፈግፍገው ያነሣሉ።

ችግሩ ያለው ጥጡ ላይ ነው። ጥጥ እንደ ሱፍ አይለጠጥም፤ ስለዚህ የመርፌው ክብደትና የእጅ ጉተታ ሁሉ ጣት ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ሥራው እንዲያምርልኝ ብዬ ክሩን አጥብቄ ስስብ አውራ ጣቴን ሁለት ቀን አመመኝ። አሁን ላላ አድርጌ 4.5 ሚሊ ሜትር በሆነ የቀርከሃ መርፌ እሠራለሁ፤ ቀርከሃው ቀለበቶቹን ያዝ ስለሚያደርግ ተንሸራትተው አይወርዱም። ጫፉ በጣም የሾለ መርፌም አልወድም፤ ክሩ ከበርካታ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ በመሆኑ ሹሉ ግምዱን እየሰነጠቀ ይገባል፣ ስህተቱም የሚታየው ከብዙ ረድፍ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የምታገሠው ጥጥ ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ፣ ሲረጥብም ከደረቁ ይልቅ ስለሚጠነክርና በሙቅ ውሃ መታጠብን ስለማይፈራ ነው።

የመጀመሪያዋን ጨርቅ ስጨርስ የክሩን ጫፍ አሳጥሬ ቆርጬው ነበር፤ ለስላሳ ስለሆነ ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ሾልኮ ወጣና አንዱ ማዕዘኗ ተተረተረ። ከዚያ ወዲህ የእጅ መዳፍ ያህል አስተርፌ፣ በመስፊያ መርፌ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያመላለስኩ እሰውረዋለሁ። ይህንንም፣ የቀጣዩን ጨርቅ 4 ቀለበት መጣሉንም የምሠራው ማታ ቤቴ ተቀምጬ ነው፤ በሚንገጫገጭ አውቶቡስ ውስጥ ያቃተኝ ነገር ቢኖር አዲስ መጀመር ብቻ ነው።