በሁለት ቦርድ መካከል

ዛሬ ከሥራ ስንወጣ ፕሮግራመራችን ያንን ቁጥር አንሥቶ አሳቀብኝ፤ 212። ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሌሊት ውስጥ፣ ትሬሎ በተባለው የሥራ መከታተያ መተግበሪያ ደንበኛችን በሚያየው ቦርድ ላይ፣ በአንድ ካርድ (ማለትም በአንድ ሥራ ማስታወሻ) ሥር ተደጋግሞ የተለጠፈው ኮሜንቴ ብዛት ነው። ኮሜንቱ «ሰውዬው ዛሬም ሐሳቡን ቀየረ» ይላል። ሰውዬው ራሱ ደንበኛው ነው። እንዴት እዚያ እንደ ደረስንና ከዚያስ ወዲህ ምን እንዳደረግን ሳልረሳው ልጽፈው።

እኛ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ የምንሠራ የስምንት ሰዎች ቢሮ ነን። ጀርመን አገር ያለው ደንበኛችን የራሱ ቦርድ አለው፤ የሚፈልገውን ሥራ በካርድ ጽፎ የማስረከቢያ ቀን ያስቀምጣል፣ ሥራው የት እንደ ደረሰም እዚያው ይከታተላል። እኛ ደግሞ ማን ምን እንደያዘ፣ ምን እንዳስቸገረን፣ አንዳንዴም ምን እንዳናደደን የምንጽፍበት የውስጥ ቦርድ አለን። ሁለት ዓመት ያህል በሁለቱ መካከል የምመላለሰው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት የደንበኛውን አዲስ ካርዶች ወደ ውስጥ ቦርዳችን እቀዳለሁ፣ ማታ ደግሞ ያለቀውን በእሱ ቦርድ ላይ «ተጠናቀቀ» ወደሚለው ዝርዝር እወስዳለሁ። ጋሼ የምንላቸው ሥራ አስኪያጃችን ድካሜን ሲያዩ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። እኔ የረሳሁት ካርድ ግን ደንበኛው ደውሎ ሲጠይቅ ነበር የሚታወቀው።

ትሬሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ያልነበረውና በ2018 የተጨመረለት በትለር የተባለው አውቶሜሽን (ሥራን በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ) ቀላል ቀላሉን ማስተላለፍ ያለ ኮድ ይሠራል። እኛ ግን ለውጡ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለስ ስላልን ፕሮግራመራችን በዌብሁክ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈ። ዌብሁክ ማለት በቦርዱ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ትሬሎ ለእኛ ሰርቨር ወዲያውኑ የሚልከው መልእክት ነው፤ ፕሮግራማችን መልእክቶቹን እያጠራቀመ በየደቂቃው ለውጡን በሌላው ቦርድ ላይ ይደግመዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ነገር አማረና እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ጀመርኩ።

ፕሮግራማችን የገደል ማሚቶ መሆኑ የታወቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ፕሮግራሙ ኮሜንቴን በደንበኛው ቦርድ ላይ ሲለጥፍ ያ መለጠፍ ራሱ ለውጥ ነውና ትሬሎ ያሳውቀዋል፤ ፕሮግራሙም ደንበኛው የጻፈው መስሎት ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ የእኛ ቦርድ ደግሞ እንደገና ይልከዋል። ትሬሎ በአንድ ቶክን (የፕሮግራም መግቢያ ቁልፍ) በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ100 በላይ ጥያቄ ስለማይቀበል ፈጣን ማሚቶ ቢሆን ኖሮ ገደቡ ያስቆመው ነበር። የእኛው ግን ደርሶ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበት ስለነበር ማንንም ሳይቀሰቅስ አደረ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቤቴ ሆኜ የጻፍኩትን ኮሜንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት በዚያ ብዛት አገኘሁት። ደንበኛው በመተርጎሚያ አሳልፎ አንብቦት ኖሮ በሥሩ እንዲህ ሲል መልሶ ነበር፦ «አዎ፣ ቀይሬአለሁ። ግን 212 ጊዜ አይደለም።»

ማሚቶውን መዝጋት ቀላል ነበር። ለፕሮግራሙ የራሱ አካውንት ተከፈተለት፤ በዚያ አካውንት ስም የተደረገ ማንኛውም ለውጥ እንዲታለፍ አንድ መስመር ኮድ ተጨመረ። ሌሊቱን ሙሉ ያደረውን ያቆመው ይኸው ነው። ለእኔ ግን ችግሩ አላለቀም፤ ኮሜንቱ 212 ጊዜ ቀርቶ አንድ ጊዜም ቢሆን መሻገር አልነበረበትም። ሁለት ቦርድ የያዝነው እኮ ተመልካቻችን ሁለት ስለሆነ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ካደረግናቸው አንደኛው ለምን ኖረ?

በዚህ ምክንያት አሳና ወደተባለው ሌላ የሥራ መከታተያ እንዙር የሚለውንም ሐሳብ ተውነው። አሳና ላይ አንድ ሥራ ሳይገለበጥ በሁለት ፕሮጀክት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቅጂ ስለሌለ ማሚቶም የለም። ነገር ግን ሥራው አንድ ከሆነ ኮሜንቱም አንድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሌሊት በኋላ መጋረጃ ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከፕሮግራመራችን ጋር ተቀምጠን የካርዱን ክፍሎች አንድ በአንድ ተከራከርንባቸው። «እስቲ ንገሪኝ፣ ቀኑ ላይ የማን ቃል ይጽና?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ድረስ ሕጉ በኋላ የጻፈ ያሸንፋል የሚል ነበር፤ በዚህ የተነሣ ደንበኛው ቀኑን አራዝሞ ሳለ ከእኛ አንዱ ሳያይ የድሮውን ቀን መልሶበት ያውቃል። በመጨረሻ ርእሱ፣ መግለጫውና ቀኑ የደንበኛው ሆኑ፤ በእኛ ቦርድ ላይ ብንቀይራቸውም ፕሮግራሙ ይመልሳቸዋል። ሥራው የትኛው ዝርዝር ውስጥ ነው የሚለው የእኛ ሆነ። የውስጥ ኮሜንት ደግሞ በአራት ነጥብ ካልተጀመረ አይሻገርም፤ በአራት ነጥብ ዐረፍተ ነገር የሚጀምር ሰው ስለሌለ በስህተት አይገባም ብለን ነው።

ፕሮግራሙ ሊያየው የማይችለውም ነገር አለ። ከዚህ ሕግ በፊት አንዱ ባልደረባችን በካርድ ርእስ ላይ «እስከ ጳጉሜን 3» ብሎ ጽፎ ደንበኛው ምን ዓይነት ወር ነው ብሎ ጠይቆናል፤ በቀኑ ቦታ ላይ ሴፕቴምበር 8 ብሎ ቢያስገባው ኖሮ ጥያቄም አይነሣም ነበር። ደንበኛው በመግለጫ ውስጥ 10:00 ብሎ የጻፈውን ደግሞ እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ብለን አንብበን ስብሰባ አምልጦናል። በክረምታቸው የእነሱ 10:00 ለእኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ 5 ሰዓት ይሆናል።

ጥር ላይ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት የጠፋው መብራት 8 ሰዓት ላይ መጣ። ሰርቨር የምንለው ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር፤ ባትሪው ቢቆይም ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ትሬሎ መልስ ሲያጣ ከ30፣ ከ60 እና ከ120 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ይሞክርና ይተወዋል፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። የአምስት ሰዓት ለውጥ እንዲህ ቀረ። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ፣ እኛም ምንም እንዳልሆነ አመንነው፤ 14 ካርዶች መለያየታቸውን ያወቅነው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ጋሼ ስለ ባላው የሚሉት እዚህ ላይ አልሠራም፤ አንዱ ባላ ሲነቀነቅ ሌላውም አብሮ ተነቅንቋል። ድሮ በእጄ ስገለብጥ ብረሳ እንኳ መርሳቴን እጠረጥር ነበር።

አሁን ፕሮግራሙ በኪራይ ሰርቨር ላይ ነው፤ በዚያ ላይ መልእክት ብቻ እየጠበቀ አይኖርም። በየሌሊቱ ሁለቱን ቦርዶች ካርድ በካርድ እያስተያየ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልዩነቱን በቁጥር ይልክልኛል። አብዛኛውን ቀን 0 ነው።

የዛሬው 1 ይላል። ደንበኛው በእሱ ቦርድ ላይ አርካይቭ ያደረገው (ዘግቶ ከቦርዱ ያነሣው) ካርድ በእኛ ቦርድ ላይ «በሥራ ላይ» ውስጥ ተቀምጧል፤ ፕሮግራመራችን ሁለት ቀን ሠርቶበታል። የክርክራችን ዝርዝር ውስጥ ካርድ ስለ መዝጋት ምንም አልጻፍንም። ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ፣ ሥራውን ትቶት ይሁን ወይስ እጁ አዳልጦት፣ ደንበኛውን ራሱን ደውዬ እጠይቀዋለሁ።