ግዌን ጆንን በዝግታ ማየት

እ.ኤ.አ. በ1876 ዌልስ ውስጥ የተወለደችው ሠዓሊ ግዌን ጆን በሕይወት ሳለች ከእሷ ይልቅ ስሙ የገነነው ወንድሟ ኦገስተስ ነበር። ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረች፤ በ1904 ፓሪስ ገብታ ለቀራፂው ሮዳን ሞዴል ሆና ሠራች። በ1939 ዲዬፕ ውስጥ አረፈች።

ሥራዎቿን ስታዩ ከተሣለችው ሴት መልክ በፊት የቀለሙን ገጽ ተመልከቱ። በኋለኛው ዘመኗ ሸራውን መጀመሪያ የምትለቀልቀው ጠመኔና የእንስሳት ሙጫ በተቀላቀለበት መደብ (ከቀለሙ ሥር በሚሆን ቅብ) ነበር። ይህ መደብ የቀለሙን ዘይት ይመጠዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ አያብለጨልጭም። ችግሩ፣ ብሩሹ አንዴ ካለፈ በኋላ ቀለሙን እንደገና ማሸት አያመችም፤ ይጨቀያል። አንዲትን የተቀመጠች ሴት በሌላ በሌላ ሸራ ላይ ደጋግማ የሣለችውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፤ «ከሕመም የምታገግመዋ ሴት» የተባለው ሥዕል ብቻ በርካታ ቅጂዎች አሉት። እንዲህ ባለ ሥዕል ላይ ቫርኒሽ (የሚያብለጨልጭ መከላከያ ቅብ) መቀባት ደግሞ ጥፋት ነው፤ ገጹ ውጦት ይጠቁራል።

በስልክ ስታዩ ተጠንቀቁ። ማያ ገጹ ንፅፅሩን ሲያጎላው ተቀራራቢዎቹ ግራጫዎች ይጠፋሉ። ብርሃኑን ቀንሱና ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፤ በቀሚሱና በግድግዳው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ግራጫ ለሚወድ ደግሞ ዴንማርካዊው ሠዓሊ ቪልሄልም ሐመርስሆይ (1864–1916) አለ፤ እሱ ጋ ግን ዓይናችሁን በሩና መስኮቱ ላይ አሳርፉ።