ተራራ በሌለበት አገር ጌታ ደረሰልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ በሰሜን ዳኮታ፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ ያደረገልኝን ልመስክር።

የትራክ ሾፌር ነኝ። አገሩን ለማታውቁት፣ የሬድ ሪቨር ሸለቆ ይባላል እንጂ ሸለቆ አይመስልም፤ ድሮ አጋሲዝ የሚባል ግዙፍ ሐይቅ የተኛበት ስለነበረ ዓይን እስኪደክም ድረስ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ድንበሩም 49ኛው ኬክሮስ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው። በረዶ ሲለብስ የት ጋ እንዳለ አይለይም። በፈረንጆቹ 2022 ጥር ላይ አንድ የህንድ ቤተሰብ ከሁለት ልጆቹ ጋር በእግር ሊሻገር ሲል እዚያው ኤመርሰን በምትባል የካናዳ የድንበር ከተማ አጠገብ በብርድ አለቀ። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

እኔ ካቫሊየር ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ቦሎቄ ልጭን ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እዚያ ግን በረዶ ባይጥልም ነፋሱ መሬት ላይ ያለውን እያነሳ ሁሉን ነጭ ያደርገዋል። የጠጠር መንገዱ ላይ እያለሁ ፊቴ ያለው ነገር በሙሉ ጠፋ። ቆምኩ። ቆይቶ ናፍጣው ከብርዱ የተነሳ ረጋ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ማሞቂያውም አብሮ ሄደ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።

የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ የጉጌን ተራራ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴ ጠዋት ጠዋት «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» እያለች ስትጸልይ እኔ በመስኮት ተራራውን አይ ነበር። እዚያ ግን ዓይን የሚነሳበት ተራራ የለም። «ጌታ ሆይ፣ ተራራውንም ሜዳውንም የሠራኸው አንተ ነህ፣ ድረስልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እጄ ደንዝዞ፣ እያለቀስኩ፣ ደጋግሜ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራክተር መጣ! የእህል ጎተራውን ሊያይ ወጥቶ የመኪናዬን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይቶ ነው። በክረምት በዚያ መንገድ እንደማይሄድ ነገረኝ። መብራቴ እንዴት እንደታየው ስጠይቀው ጎኔ ያለውን የዛፍ ረድፍ አሳየኝ፤ ነፋሱን የሚሰብረው እሱ ነው፣ ሌላ ቦታ ብቆም ኖሮ ማንም አያየኝም ነበር። ዛፎቹን የተከሉት አያቱ ናቸው፣ በ1930ዎቹ፣ ድርቁና ነፋሱ አፈሩን እየጠረገ ሲወስድባቸው።

እስቲ አስቡት፣ እኔ ሳልወለድ፣ አባቴም ሳይወለድ፣ ጌታ በማላውቀው አገር መጠለያዬን አስተክሎ ጠበቀኝ! ሚስቱ ትኩስ ሾርባ ሰጥተውኝ እዚያው ቤታቸው አደርኩ። ጣቶቼ ሁሉም አሉ። ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን፣ አሜን በሉልኝ!