የቆርኪ ፌስታል

ቅዳሜ ማታ ነው። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ያጠብኩትን ቆርኪ አስጥቻለሁ። የሰፈራችን ግሮሰሪ ባለቤት ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅመው ጠበቁኝ። «ነይ ቲቸርዬ፣ ሞላልሽ» ብለው ፌስታሉን ሲያቀብሉኝ የደመወዝ ቀን ያህል ደስ አለኝ።

በአንደኛ ክፍል የተቀበልኳቸው ልጆች ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብተዋል። እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። 61 ናቸው።

ቆርኪ መጀመሪያ ያስፈለገኝ ለፊደል ነበር። 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ 231 መሆኑ ነው። ልጆቹ ገበታው ፊት ቆመው «ሀ ሁ ሂ» ሲሉ አንድም አይሳሳቱም፤ ዜማውን ይዘውታላ። ጣቴን መሀል ላይ ሳሳርፍ ግን ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስተው እየዘመሩ ካልደረሱበት አያውቁትም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከኔ ብዙ ቀድመው ደርሰውበታል። አቡጊዳን አስቡት። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉም ቤቱም እኩል ይቀያየራል። የሀ ሁ ዜማ እዚህ አያድንም፤ ዓይን የግዱን ያያል። ሳንቲም ያልወጣበት ግሩም መርጃ መሣሪያ ነው። እኔም በየቆርኪው ጀርባ አንድ አንድ ፊደል በማርከር ጻፍኩና ከረጢት ውስጥ አቀላቀልኩት። ልጁ እጁን ከቶ ያወጣል፣ ያወጣውን ያነባል። በቃ።

ለአብዛኞቹ ሠራ። አንዱ ልጅ ግን ከረጢቱን ተቀብሎኝ ዘረገፈውና ቃል መሥራት ጀመረ። ቀጥሎ ከቀኝም ከግራም ሲነበቡ አንድ የሚሆኑ ቃላት መፈለግ ያዘ። «ደረደ አይሆንም አይደል ቲቸር? ትርጉም የለውማ» አለኝ። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ይህን ልጅ እንዴት እንደያዝኩት መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ለዚህ ነው ማስታወሻውን የከፈትኩት። ሥራውን ቶሎ ሲጨርስ «እጅህን አጣምረህ ተቀመጥ» እለው ነበር። ሲቁነጠነጥ ደግሞ ሌላ አሥር ጥያቄ ጨመርኩለት፣ ያውም ያንኑ ዓይነት። ቶሎ በመጨረሱ ቅጣት ሆነበት። ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አለቃ አደረግሁት። ረባሽ ጻፍ አልኩት። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ የጓደኞቹን ስም ሲደረድር ከረመ። ጓደኞቹ ሸሹት። አንድ ቀን እናቱ መጥተው «ቲቸር፣ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለ ነው፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። አእምሮው ሥራ ፈልጎ ነበር፤ እኔ የሰጠሁት የጥበቃ ሥራ ነው።

ኮሌጅ ስንማር ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆችም ልዩ ፍላጎት ውስጥ እንደሚካተቱ ተነግሮናል። ለፈተና አጥንቼው ነበር። ክፍል ውስጥ ስገባ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ኋላ የቀሩት ዘንድ ነው። 61 ልጅ ይዞ ሌላ ማድረግ ከባድ ነው። «እሱስ ጎበዝ ነው፣ የትም አይወድቅም» እንላለን። ቤት ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም እንለዋለን። 1ለ5 ስንመድብም ጎበዙ ሌሎቹን ያስረዳል እንጂ እሱ ምን ይማር ብለን አንጠይቅም። ማስረዳት ጥሩ ነው፤ ግን ለጎበዙ ልጅ እሱ ብቻ አይበቃውም።

ዘንድሮ ማባዛት ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ሞከርኩ። በማጋመስና በማጠፍ፣ ማለትም እጥፍ በማድረግ፣ የሚሠራ የጥንት ማባዣ አለ። አንዳንድ የውጭ ሰዎች የኢትዮጵያ ማባዣ ይሉታል፣ ሌሎች የሩሲያ ገበሬዎች ይሉታል። የጥንት ግብፃውያንም ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈ ፓፒረስ ላይ በማጠፍ ሲያባዙ ይታያል። 12 በ15 እንበል። በግራ 12ን ታጋምሳለህ፤ 12፣ 6፣ 3፣ 1። ሦስት ሲጋመስ ትራፊውን ትተን አንድ እንላለን። በቀኝ 15ን ታጥፋለህ፤ 15፣ 30፣ 60፣ 120። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ትሰርዛለህ። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ትደምራለህ። 60 እና 120፣ 180።

የማባዛት ሰንጠረዥ ያልያዙት ልጆች በጣም ወደዱት። ማጠፍና ማጋመስ ብቻ ነውና ቆርኪ እየደረደሩ ደረሱበት። ያ ልጅም ሠራው። ግን እርሳሱን አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ጎዶሎው ብቻ ለምንድን ነው የሚደመረው?» አለኝ።

አላውቀውም ነበር። ዘዴውን ተምሬ ነው እንጂ ለምን እንደሚሠራ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «እኔም አላውቀውም፣ ሁለታችንም እናስብበት» አልኩት። ፊቱ በራ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲበራ አላየሁትም።

ያን ማታ ባቄላ ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። 12 ከረጢት፣ በየከረጢቱ 15። ሁለት ሁለቱን ሳዋህድ 6 ከረጢት በ30። እንደገና ሳዋህድ 3 ከረጢት በ60። አሁን ሳዋህድ አንዱ ጥንድ 120 ይሆናል፣ አንዱ የ60 ከረጢት ግን ጓደኛ አጥቶ ይቀራል። በቃ፣ እሱ ነው! በነጋታው ለልጁ ልነግረው ስል ቀደመኝ። «ጓደኛ ያጣችው እንዳትረሳ ነው የምትደመረው» አለ። በቆርኪ አሳየኝ። ከዚያ ወደ ቡድኑ ተመልሶ ለአራቱ አሳያቸው፤ ማንም ሳያዘው።

ቅድመ አንደኛ የምታስተምረው ባልደረባዬ ደግሞ የኔን ሐሳብ ወስዳ የሃይላንድ ክዳን ትሰበስባለች። ለትንንሾቹ ቆርኪ አይሆንም፤ ጠርዙ ይቆርጣል፣ አፋቸውም ውስጥ ይገባል። እነሱ ክዳኑን በቀለም ይለዩታል፣ ይደራርቡታል፣ ያፈርሱታል። ለአራት ዓመት ልጅ ሙሉ ሥራ ነው።

በፊት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት መርጃ መሣሪያ የሚቀመጥበት ማበልጸጊያ ማዕከል በእንጨት ሉልና በተሳለ ካርታ የተሞላ ነበር። ቁልፉ ከአንድ ሰው ጋር ነው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይከፈታል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ይቆለፋል። አንድም ልጅ ሉሉን አሽከርክሮት አላየሁም። የኔ ቆርኪ ይጠፋል፣ ይረገጣል፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ቤት ይሄዳል። ይሂድ። ሰኞ ሌላ አመጣለሁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ገበጣ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ፍሬ፣ 48። የእንቁላል ካርቶን ልክ ይሆናል፤ 30 ጉድጓድ፣ አምስት ረድፍ በስድስት። ከአንዱ ካርቶን ሁለት ገበጣ ቆረጥኩ። አንድ ረድፍ ተረፈኝ። ልጥለው ስል ተውኩት። ሰኞ ለዚያ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራበት ልይ።