ከማንሊከር ሾናወር ካርባይን ጋር እስካሁን የደረስኩበት

ቀላል የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ዛሬ በአብዛኛው የሚገዛው ፕላስቲክ ሰደፍና ቀጭን በርሜል ያለው አዲስ ጠመንጃ ነው፤ እኔ ግን ብዙ ሰው በስም እንጂ በዓይኑ የማያውቃትን የ1903 ሞዴል ማንሊከር ሾናወር ካርባይን (በርሜሏ ያጠረ ጠመንጃ) መረጥኩ። ሰሞኑን በ100 ሜትር ርቀት፣ በክፍት ማነጣጠሪያ፣ ሦስት ጥይቶችን ከመዳፍ ባልሰፋ ቦታ ላይ ማሳረፍ ጀምሬአለሁ፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ ደግሞ የአየሩ እርጥበት ቢለዋወጥም ውጤቱ አለመለዋወጡ ነው። እዚህ ለመድረስ ከፈጀብኝ ጊዜ አብዛኛውን የበላው አንድ ችግር ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍም ወደዚያው ቢያጋድል ሊገርም አይገባም።

ለማያውቋት ያህል፣ ጠመንጃዋ በኦስትሪያዋ የሽታየር ከተማ የተሠራች ስትሆን ስሟን ያገኘችው ከፈርዲናንድ ማንሊከርና ተሽከርካሪውን ካዝና ከነደፈው ከኦቶ ሾናወር ነው። የግሪክ ጦር እ.ኤ.አ. በ1903 የተቀበለው ረጅሙን የወታደር ጠመንጃ ነው፤ ለአዳኝ የተዘጋጀችው ካርባይን ግን በርሜሏ 45 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ሦስት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ የሰደፏ እንጨት ሳይቋረጥ እስከ አፈሙዙ ድረስ ይዘልቃል። የምትተኩሰው 6.5 በ54 የሚባለውን፣ ማለትም የአረሩ ስፋት 6.5፣ የቀለሁ ርዝመት ደግሞ 54 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ጥይት ነው። የተለመደው አረር 10.4 ግራም የሚመዝን፣ ረጅምና አፍንጫው ድቡልቡል የሆነ ሲሆን፣ በሰከንድ 670 ሜትር ገደማ የሚሄድ በመሆኑ በዛሬው ሚዛን አዝጋሚ ነው። ሆኖም ለስፋቱ ከባድ የሆነ አረር ሥጋ ውስጥ በጥልቀት ስለሚዘልቅ፣ ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል በዚህ ጥይት ዝሆን ሳይቀር ጥሎበታል። ይህን የምጠቅሰው የጥይቱን ጠባይ ለማሳየት እንጂ ማንም እንዲሞክረው አይደለም።

ስለ ግዢው ብዙ የምለው የለኝም፤ ፈቃድን የሚመለከተውን ጉዳይ አስቀድሞ መጨረስ የግድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ሲገዛ በመጀመሪያ የበርሜሉን ውስጥ በብርሃን ማየት፣ በተለይም ጥይቱ ከሚቀመጥበት ክፍል ፊት ለፊት ያሉት ጠመዝማዛ ጭረቶች ተበልተው እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። የማቀባበያውና የአካሉ ተከታታይ ቁጥር መመሳሰሉን፣ ከአካሉ ጀርባ ባለው እንጨት ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለመኖሩን፣ የብሎኖቹም ራስ ባልሆነ መፍቻ አለመላላጡን አጥብቆ ማየት ይገባል። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ጠጋኝ የጥይቱን መቀመጫ በመለኪያ ሳያረጋግጥ አንድም ጥይት መተኮስ የለበትም። ዘመናዊ ጥይት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1950 በኋላ የወጡትን ሞዴሎች ቢመለከት ይሻለዋል፤ ምርታቸው እስኪቆም፣ ማለትም እስከ 1972 ድረስ፣ ለ.270 እና ለ.30-06 ጥይት የተሠሩም ነበሩ።

ጠመንጃዋን እንድወድዳት ያደረገኝ ካዝናዋ ነው። በጸደይ ኃይል የሚዞር፣ አምስት ቦይ ያለው ማዕከል በውስጧ አለ፤ አንድ ጥይት በአውራ ጣት ተጭኜ ሳስገባ ማዕከሉ ይዞርና ቀጣዩን ቦይ ያቀርባል። እያንዳንዱ ጥይት በራሱ ቦይ ስለሚተኛ በእርግጫ ጊዜ፣ ማለትም ጠመንጃዋ ስትተኮስ ወደኋላ ስትገፋ፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም። ማራገፍ ሲያስፈልግ በመክፈቻው ቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ መጫን ብቻ በቂ ነው፤ ጥይቶቹ ተራ በተራ ወደ ላይ ብቅ እያሉ መዳፌ ላይ ያርፋሉ፣ ማቀባበያውን ደጋግሜ መሳብም አያስፈልገኝም። ጉዳቱ ግን ካዝናዋ የተሠራችው ለአንድ የጥይት ርዝመት ብቻ መሆኑ ነው። አጭርና ሹል አረር የተገጠመለት ጥይት በቦዩ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንሸራተት ወደ በርሜሉ ሲገባ ያደናቅፋል። ስለዚህ «ቀለል ያለና ፈጣን አረር ብትጠቀም አቅጣጫው ቀጥ ይልልሃል» የሚለውን ምክር ለዚህች ጠመንጃ አልቀበለውም፤ ከድቡልቡሉ አረር መውጣት ከጠመንጃዋ ጋር መጣላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥይቶቼ ከግራ ወደ ቀኝ ብዙም አይበታተኑም ነበር፤ ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ያርፉ ነበር። አንድ ቀን ከመሃሉ በላይ፣ በሌላ ቀን በታች ይሆናሉ፤ በአንድ ቀን ውስጥም ሦስተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ርቆ ያርፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ጥይቱን ይወቅሳል። እኔ ግን ጥይቱን ሳልለውጥ ሌላውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ለመለወጥ ወሰንኩ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደረዳው በፍጹም አያውቅም።

የመጀመሪያው ምክንያት እንጨቱ ሆኖ ተገኘ። እስከ አፈሙዝ የሚደርስ እንጨት ውበቱን በውድ ያስከፍላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ቀጭኑን በርሜል ይጫነዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይለቀዋል። ይህን በዓይኔ ያየሁት በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። ደረቅ በሆነ ቀን ወረቀቷ በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል እስከ ፊተኛው የብረት ቆብ አቅራቢያ ድረስ ትንሸራተት ነበር፤ ከእርጥብ ቀናት በኋላ ግን መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንዳንዶች በርሜሉ ከእንጨቱ ጋር እንዳይነካካ ቦዩን በሞረድ እንዳሰፋ መከሩኝ። በአዲስ ጠመንጃ ላይ ትክክለኛ ምክር ነው፤ እንጨቱ ጫፉ ላይ በብረት ቆብ በተያዘ ጠመንጃ ላይ ግን በርሜሉን ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣት ስለማይቻል፣ የቀረው ትርፍ የማይተካ አሮጌ እንጨት ማበላሸት ብቻ ይሆናል። ጠመንጃ ጠጋኙ ያደረገው ከዚያ የቀለለ ነገር ነው፤ እንጨቱን አውርዶ በሚገባ ካደረቀው በኋላ ዘይት ነክቶት የማያውቀውን የውስጥ ገጽ እርጥበት እንዳያሳልፍ አድርጎ ቀባው። እኔ ደግሞ ብሎኖቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ የፊተኛውን ከዚያም የኋለኛውን፣ በእኩል ጥንካሬ አጠብቃለሁ። ከቀን ቀን የነበረው ልዩነት በዚህ ጠፋ ማለት ይቻላል።

በአንድ ቀን ውስጥ የነበረው ልዩነት ግን አልጠፋም። አንዱ መንስኤ የበርሜሉ መቅጠን ሲሆን፣ መድኃኒቱም ትዕግሥት ነው፤ በርሜሉን በእጄ ነክቼ ቅዝቃዜው እስኪሰማኝ ድረስ ቀጣዩን ጥይት አልተኩስም። ሌላው መንስኤ የኔው አያያዝ ነው። አረሩ ከበርሜሉ ሳይወጣ በፊት ሦስት ኪሎ የምትመዝን ጠመንጃ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ወደኋላ ትሄዳለች፤ በዚያች ቅጽበት የሚነካት ነገር ሁሉ የአረሩን ማረፊያ ይወስናል። ከባድ ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢት ላይ በነጻነት ብትተውም ትታረቃለች፤ ቀላሏ ግን ከጠንካራ ነገር ላይ ስትነሣ ትዘልና ጥይቱን ወደ ላይ ትወስደዋለች። መፍትሔ የሆነኝ ከረጢቱን ከፊተኛው እንጨት ጫፍ አንሥቼ ከካዝናው ፊት ለፊት ማድረግ፣ ግራ እጄንም በከረጢቱና በእንጨቱ መካከል አስገብቼ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ማንገቻውን በክንድ ጠምጥሞ መወጠርንም ትቼዋለሁ፤ የፊተኛው ቀለበት እንጨቱን ወደ ታች ስለሚጎትተው ያንኑ የበርሜል ግፊት መልሶ ያመጣዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የቃታው ነገር አለ። ሦስት ኪሎ በምትመዝን ጠመንጃ ላይ ሁለት ኪሎ ጉልበት የሚጠይቅ ቃታ ሲሳብ፣ ጣቱ የሚያንቀሳቅሰው ቃታውን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃዋንም ጭምር ነው። የእኔ ባለ ሁለት ቃታ ናት፤ የኋለኛው ቀጭ እስኪል ሲሳብ ፊተኛው እጅግ ይቀልላል፣ ሲነካም ይተኩሳል። ይህ ለኢላማ ተኩስ ድንቅ ነገር ነው። በአደን ላይ ግን ጣት በብርድ ሲደነዝዝ ወይም ልብ ሲመታ አደገኛ ስለሆነ፣ ማነጣጠሬን ሳልጨርስ ቃታውን አላቀልለውም፤ ሳልተኩስ ከቀረሁም አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ እንደያዝኩ ማቀባበያውን ከፍቼ ጥይቱን አወጣለሁ። በሁለቱም አሳሳብ ለመለማመድ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ቤት ውስጥ መለማመድን የሚያህል ነገር አላገኘሁም። በርካታ ጥይት እየተኮሰ ትከሻውን የሚያደነዝዝ ሰው የሚማረው መበርገግን ብቻ ነው። ያው ጥይት ከአራት ኪሎ ጠመንጃ ወደ ሦስት ኪሎ ሲሸጋገር የእርግጫው ኃይል በሲሶ ያህል እንደሚጨምር መርሳት አይገባም። ከዚህ የተነሣ ቀላል ጠመንጃ ለጀማሪ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ አልደግፍም።

ደጋግመው የሚጠይቁኝ ለምን የማነጣጠሪያ መነጽር እንዳላስገጠምኩ ነው። የማቀባበያው እጀታ በአካሉ የኋላ ድልድይ መካከል ስለሚያልፍ መነጽር የሚሸከም ልዩ ማሠሪያ ያስፈልጋል፤ የደኅንነት መቆለፊያውም ወደ ላይ ስለሚቆም መነጽሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ይነሣል። ሦስት ኪሎ ብዬ የገዛኋትን ጠመንጃ አሸክሜ ለማክበድም ልቤ አልፈቀደም። መቶ ሜትር ላይ ያስተካከልኳት ጠመንጃ በ200 ሜትር ሩብ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ስለምትመታ፣ ለኔ የእንስሳ ተኩስ ወሰን 120 ሜትር ነው፤ ያለ ድጋፍ ቆሜ ከሆነ ደግሞ ከ60 ሜትር በላይ አልሞክርም። ቆሞ መተኮስ ላይ እውነቱን ለመናገር ገና ነኝ። ቀላል አፈሙዝ ከልብ ምት ጋር ይወዛወዛል፣ ለዚህም ከልምምድ በስተቀር ያገኘሁት ዘዴ የለም።

አሁን የቀረኝ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ነው። ጫፉ ወፍራም ስለሆነ በ100 ሜትር ላይ የኢላማውን መሃል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ለቅርብ አደን ፈጣን ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ውጤት እንዳላገኝ የሚከለክለኝ እርሱ ይመስለኛል። ጠባብ ማነጣጠሪያ አሠርቼአለሁ፤ ከቀድሞው ትንሽ ስለሚረዝም ጥይቱ ዝቅ ብሎ ማረፉ አይቀርም። ስለዚህ ከ25 ሜትር ጀምሬ ማስተካከያውን እንደ አዲስ እሠራለሁ፤ በየቀኑ ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣውን የመጀመሪያ ጥይትም ለብቻው በተለየ ወረቀት ላይ እመዘግባለሁ።